ለራስ የሚሠራ ጊታር፦ እጅ የሚወደው፣ ጆሮ የሚወደው፣ ዓይን የሚወደው

ጊታር በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚነሡ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ እንጨት ነው። የትኛው ይሻላል? የትኛው ጥሩ ድምፅ ይሰጣል? እኔ ግን ወደ እንጨቱ ከመግባታችን በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ከያዛችኋቸው ጊታሮች ውስጥ መልሳችሁ ለማስቀመጥ የከበዳችሁ የቱ ነበር? ሁሉም መልስ አለው። ብዙዎቹ መጀመሪያ «ድምፁ ደስ ይል ነበር» ይላሉ። ትንሽ ስናወራ ግን ወሬው ወደ አንገቱ ይዞራል። «እጄ ላይ ልክክ አለ» ይላሉ። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ፋብሪካ የሚያወጣው ጊታር ለብዙ ሺህ እጆች መስማማት አለበት። ስለዚህ መሀል መሀሉን ይይዛል። አንገቱን በጣም አያወፍርም፣ በጣምም አያቀጥንም። እኛ ቤት የምንሠራው ግን ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ወፍራም አንገት ከወደደ ወፍራም ይሆናል፣ አለቀ። ችግሩ ሰው የሚወደውን ያውቃል እንጂ ልኩን አያውቅም። «ደስ ይላል» በመጋዝ አይቆረጥም። ሚሊሜትር ግን ይቆረጣል። እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት የምትወዱትን ለኩት የምለው ለዚህ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ወጣት ሳለ ከአባቱ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመረ። የአንገቱ እንጨት የመጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ ነው። የትሬሞሎው (ክሩን ላላ ጠበቅ እያደረገ ድምፁን የሚያወዛውዘው መሣሪያ) ስፕሪንጎች ደግሞ ከሞተር ብስክሌት ሞተር የተወሰዱ ናቸው። ሰው ሁልጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። አንገቱ ከተለመደው በጣም ወፍራም ነው። ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት ደግሞ 24 ኢንች፣ ማለትም 610 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። አጭር ርዝመት ከወፍራም አንገት ጋር። እንዲህ ያለውን ጥምረት መደብር ገብቶ ማግኘት ቀላል አይደለም። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ጊታር ተጫወተ።

እንግዲህ ከእጅ እንጀምር። የእኔ ቅደም ተከተል እጅ፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ዓይን ነው። ሁለት ምርጫዎች ሲጋጩብኝ የማስቀድመው እጅን ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ እጅ ያልተስማማው ጊታር አይነካም፣ ያልተነካ ጊታር ደግሞ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር የሚሰማው የለም።

የምትወዱትን ጊታር ስታገኙ፣ የሰውም ቢሆን አስፈቅዱና ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረት መለኪያ፣ አውጡ። የአንገቱን ውፍረት መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት የብረት ዘንጎች አንዱ) ላይና አሥራ ሁለተኛው ላይ ለኩ። የነቱን፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ባለ ስንጥቅ ቁራጭ፣ ስፋት ለኩ። ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት) ላይ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ያለውን ርቀት ለኩ። በናይለን ክር የሚሠራ ክላሲካል ጊታር ነቱ 52 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የብረት ክር አኩስቲክ ከ43 እስከ 45 ይሆናል። ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ 42 ወይም 43 ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። ጣት ላይ ግን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ጥርት ብሎ በመውጣቱና አጠገቡ ያለውን ክር በማፈኑ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የእኔ እጅ የሚወደው ሞላ ያለ አንገት ነው። መጀመሪያው ፍሬት ላይ 23 ሚሊሜትር፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ 25። ብዙ ሰው ቀጭን አንገት ይፈጥናል ብሎ ያምናል። እኔ ቀጭን ስይዝ አውራ ጣቴ መደገፊያ ያጣል፣ መዳፌም መጨበጥ ያበዛል፣ ቶሎ ይደክመኛል። ወፍራሙ መዳፌን ሞልቶ ስለሚይዝልኝ መጭመቅ አያስፈልገኝም። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ደግሞ ወፍራም አይሆንለትም ብላችሁ አትደምድሙ። ትንሽ እጅ ኖሯቸው ወፍራም የሚወዱ አሉ፣ ግዙፍ እጅ ኖሯቸው ቀጭን የሚመርጡም አሉ። ይዞ ማየት ብቻ ነው የሚሻለው።

ከውፍረቱ ይልቅ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትከሻው ነው። ትከሻ የምለው በአንገቱ ጀርባና በፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ በተተከሉበት ጣውላ) ጠርዝ መካከል ያለውን ጎን ነው። ሁለት አንገቶች መሀላቸው እኩል 21 ሚሊሜትር ሆኖ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ትከሻው ላይ ስንት እንጨት ቀረ የሚለው ነው። የዲ (D) ቅርጽ ትከሻው ሙሉ ነው። የቪ (V) ቅርጽ ተልጓል፣ መሀሉ ሸንተረር አለው። ሲ (C) መሀከላቸው ነው። እኔ ውፍረቱን ትቼ ትከሻውን አወርዳለሁ። መዳፉ ይሞላል፣ ጣቶቹ ግን ዞረው ለመድረስ አይቸገሩም።

ይህን በሞረድ ስሠራ ዝም ብዬ አላከብም። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ፊቶች አወጣለሁ። የአንገቱን ጀርባ ወደ ልኩ ካወረድኩ በኋላ በሁለቱም በኩል በእርሳስ መስመር አሰምራለሁ፣ ከመስመር እስከ መስመር አንድ ጠፍጣፋ ገጽ እቆርጣለሁ። ከዚያ የቀሩትን ማዕዘኖች ደግሞ በሌላ ጠፍጣፋ ገጽ እሰብራለሁ። ማክበብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጥቅሙ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው። ጠፍጣፋው ገጽ አንድ ቦታ ከሰፋ ዓይን ወዲያው ያየዋል፣ ክብ ላይ ግን አይታይም። ከዚያ መብራት አንድ ጎን አድርጌ በአግድመት አበራበታለሁ። ጉብታ ካለ ጥላ ይጥላል። ጥላው ያለበትን በእርሳስ አጠቁራለሁ፣ ያንን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አነሣለሁ። እንደገና አበራለሁ። መጨረሻ ላይ መብራቱን አጥፍቼ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ከነት እስከ ታች አንሸራትታለሁ። ዓይን ያለፈውን እጅ ያገኘዋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ጥሩውን እንጨት ከመንካታችሁ በፊት ከርካሽ እንጨት ሠላሳ ሴንቲሜትር የሚሆን የአንገት ቁራጭ ቅረጹ። ፍሬት አይፈልግም፣ ክርም አይፈልግም። መስመሮቹን በእርሳስ ካሰመራችሁ ይበቃል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ያዙት። ፊልም ስታዩ ያዙት፣ ስልክ ስታወሩ ያዙት። ያልተመቸ ነገር ካለ አንድ ሁለት ቀን ውስጥ እጃችሁ ይነግራችኋል። የማታ እጅና የጠዋት እጅ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በተለያየ ሰዓት ሞክሩት።

የክሩ ርዝመት ሁለተኛው ትልቅ ውሳኔ ነው። ከታወቁት ጊታር ሠሪ ኩባንያዎች ፌንደር 648 ሚሊሜትር ይዟል። ጊብሰን 628 ገደማ ነው። ክላሲካል 650። አጭሩ ላይ ያው ክር በዚያው ቅኝት ሲወጠር ይላላል፤ ውጥረቱ በርዝመቱ ካሬ ስለሚለወጥ ከ648 ወደ 628 መውረድ 6 በመቶ ያህል ያላላዋል። ክር ወደ ጎን ገፍቶ ድምፅ ማንሣት ይቀላል። እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀትም በ4 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል፣ ሰፋፊ ኮርድ ለሚይዝ ትንሿ ጣት ይህ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ወፍራሙን ክር አውርዶ የሚቃኝ ሰው ረጅሙን ይምረጥ፤ አጭሩ ላይ ይልመጠመጣል። እኔ 628ን እወዳለሁ። ርዝመቱን ከመረጣችሁ በኋላ የፍሬቶቹን ቦታ ማስላት ቀላል ነው። ርዝመቱን ለ17.817 አካፍሉ፣ ያ ከነት እስከ መጀመሪያው ፍሬት ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 አካፍሉ፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። አሥራ ሁለተኛው ትክክል መሀል ላይ ካረፈ ስሌቱ ልክ ነው። ብሪጁ ላይ ግን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ መግፋት አለ፤ ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ቅኝቱ ከፍ ይላልና።

የፍሬትቦርዱ ጉብታ ላይ ብዙ አልቆይም። ክላሲካል ዝርግ ነው። የድሮ ፌንደር ራዲየሱ 184 ሚሊሜትር ነው፣ በጣም ጎበጥ ያለ፣ ለባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አቋርጦ ለሚጫንበት) የሚመች። ጊብሰን 305 ነው፣ ዝርግ የሚል። ጎበጥ ያለው ላይ ክር በጣም ሲገፋ ላይኛው ፍሬት ላይ ይነካና ድምፁ ይታነቃል። እኔ 305 ይመቸኛል።

ስለ ፍሬት ጫፍ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ቤት የተሠራ ጊታር አንስቼ መጀመሪያ የማደርገው የአንገቱን ጠርዝ በጣቴ መዳሰስ ነው። ጫፎቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ከያዙኝ የቀረውን ለማየት ልቤ አይነሣም። እያንዳንዱን ጫፍ በትንሽ ሞረድ ማክበብ ያሰለቻል፣ ሰዓታት ይፈጃል። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምወደው ይህን ነው። የሥራውን ዋጋ ማንም ሰው ያለ ትምህርት በእጁ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። አየር ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ ጫፎቹ ወጣ ይላሉ። የምትሠሩበትን ክፍል እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ካቆያችሁ ይህ ጣጣ በጣም ይቀንሳል። አኩስቲክ ለሚሠራ ሰው እርጥበት መለኪያ ከመጋዝ አያንስም።

የክር ከፍታ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው እንደ ሕግ ያየዋል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ኤሌክትሪክ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ የብረት ክር አኩስቲክ ከ2 እስከ 3 አካባቢ፣ ክላሲካል ከ3 እስከ 4 ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚጫወት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ጠንከር አድርጎ የሚመታ ከፍ ያድርግ፣ ያለዚያ ፍሬቱ ላይ ይንጫጫበታል። ነቱንም ሳድሉንም (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ማውረድ ይቻላል። መጨመር ግን አዲስ መሥራት ነው።

ክብደቱንም አትርሱ። እኔ ከ3.2 ኪሎ በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ትከሻዬ ላይ አልወድም። ከክብደቱ በላይ ግን ሚዛኑ ይከፋል። እጃችሁን ስትለቁት አንገቱ ወደ መሬት የሚሄድ ከሆነ ግራ እጅ ሁልጊዜ ተሸካሚ ይሆናል። መፍትሔው የቀበቶው ማንጠልጠያ የሚገባበትን የአካሉን ቀንድ ወደ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አቅጣጫ ማርዘም ነው። ቀለል ያለ መቃኛ ቁልፍ መግጠምም ይረዳል። ይህን ወረቀት ላይ እያላችሁ ወስኑት። እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ቀንድ አይበቅልም።

አሁን ወደ ጆሮ። እዚህ ላይ ክርክሩ ብዙ ነው። እኔ የምይዘው አቋም ግልጽ ነው፤ አኩስቲክ ጊታር ላይ ድምፅ የሚወጣው ከፊተኛው ጣውላና ከሥሩ ካለው ማጠናከሪያ ነው። ዘመናዊውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ በካርቶን የተሠራ ጊታር ሠርቷል። ፊቱ ብቻ ጥሩ እንጨት ነበር። ሊያሳይ የፈለገው የፊቱን ዋጋ ነው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጊታሮች አሠርተው 52 ጊታሪስቶችን አስሞከሯቸው። ተጫዋቾቹ እንጨቱን እንዳያዩ ተደርጎ ነበር። ለስድስቱም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። ርካሹም ውዱም።

ይህ ለቤት ሠሪ ትልቅ የምሥራች ነው። ብርቅ እንጨት ፍለጋ አትንከራተቱ። ለጊታር ጀርባ የሚወደደው ሮዝዉድ ላይ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሮዝዉድ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ናቸው። በ2019 ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላላ ቢልም እንጨቱን ራሱን ድንበር ማሻገር አሁንም ወረቀት ይጠይቃል። ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ፊቱ ላይ አውሉት። ለጀርባውና ለጎኑ በአካባቢያችሁ የሚገኝ፣ በደንብ የደረቀ፣ የማይሰነጠቅ እንጨት ይበቃል።

ለፊቱ ዋነኞቹ ምርጫዎች ስፕሩስና ሴዳር የሚባሉት እንጨቶች ናቸው። ስፕሩስ ጥርት ያለ ነው። ጠንከር ተደርጎ ሲመታም ድምፁ አይታፈንም፣ ይሸከማል። ሴዳር ሞቅ ያለ ነው፣ ገና በቀስታ ሲነካ ይመልሳል፣ ሲጠነክሩበት ግን ቶሎ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። እኔ የምጫወተው በጣቴ ሥጋ ነው፣ ያለ ፒክ (ክር መምቻ)፣ በቀስታ። ስለዚህ ሴዳር። አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ በፒክ ነው የሚመታው፣ ከዘፋኝ ጋር። ሴዳር ጊታሬን አንስቶ ሁለት ኮርድ መታና «ይሄ እኮ ትራስ ውስጥ ነው የሚዘፍነው» አለኝ። የእሱን ስፕሩስ ሳነሣ ደግሞ ለእኔ ጆሮ ይሰላል። ሁለታችንም ልክ ነን። ሁለታችንም የሠራነው ለየራሳችን ነው።

የዛፉ ስም ግን ግማሹ ወሬ ነው። ከአንድ ዛፍ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ አንድ አይደሉም። ጣውላ ስመርጥ በሁለት ጣቶቼ ከላይኛው ጫፍ ሩብ ያህል ወረድ ብዬ፣ ትንሽም ወደ ጎን አድርጌ አንጠለጥለዋለሁ። በሌላው እጄ የጣት መገጣጠሚያ መሀሉን አንኳኳለሁ። ጆሮዬን አስጠጋለሁ። አንዳንዱ «ዱም» ብሎ ይሞታል። አንዳንዱ ይደውላል፣ ድምፁም ይቆያል። የምወስደው የሚደውለውን ነው። የያዛችሁበትን ቦታ ትንሽ ካንቀሳቀሳችሁ ድምፁ ስለሚለወጥ ቦታ እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ከዚያ ጣውላውን በሁለት እጄ በርዝመቱ አጎብጠዋለሁ፣ በወርዱም አጎብጠዋለሁ። በርዝመቱ ጠንካራ መሆን አለበት። በወርዱ ላላ ካለ ትንሽ ወፈር አድርጌ እተወዋለሁ። የብረት ክር ጊታር ፊት ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። እየሳሳ ሲሄድ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ይከፈታል፣ ምላሹም ይፈጥናል። ግን ስድስት የብረት ክሮች አንድ ላይ 70 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ። ናይለን ወደ 40 ገደማ ነው። ስለዚህ የናይለን ጊታር ፊት ማሳሳት ይቻላል፣ የብረቱ ላይ ግን በጣም የሳሳ ፊት ብሪጁ ሥር ያብጣል።

ጆሮን መፈተሽ ላይ ልምዴን ልናገር። ተጫዋቹ የሚሰማው ድምፅና ፊት ለፊት የተቀመጠው የሚሰማው አንድ አይደለም። ጊታሩ ድምፁን ወደ ፊት ነው የሚተፋው። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዲጫወትላችሁ አድርጉና ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ያንኑ አንድ ዜማ በተለያዩ ጊታሮች ቅዱ። ስልክም ይበቃል። በማግስቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አድምጡ። እኔ በዚህ መንገድ ነው ራሴን ያወቅሁት። ቶሎ የሚጠፋ፣ ክብ ያለ ድምፅ ነው የምወደው። ለረጅም ጊዜ የሚደውል ጊታር ያስከብራል፣ ለእኔ ግን ኮርዶቹ ይደራረቡብኛል።

ለራሱ ብቻ የሚጫወት ሰው ከሆናችሁ የላይኛው ጎን ላይ፣ ወደ ፊታችሁ አቅጣጫ፣ ትንሽ ቀዳዳ ማውጣት ይቻላል። ድምፁ ወደ ተጫዋቹ ይመጣል። አንዳንዱ መልኩን አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ።

ኤሌክትሪክ ላይ ነገሩ ይለያል። የአካሉ እንጨት ላይ እንቅልፍ አላጣም። ድምፁን የሚወስነው በአብዛኛው ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል)፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ከክሩ ያለው ርቀትና ክሩ ራሱ ነው። ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ፣ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከመብራት ኃይሉ ሃም የሚል ድምፅ ይለቅማል። ሃምበከር ሁለት ጥቅል አለው። ማግኔታቸውም የጥቅልላቸው አቅጣጫም ተቃራኒ ስለሆነ ያ ሃም ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ድምፁም ወፈር፣ ሞቅ ይላል። እኔ አንገቱ አጠገብ ያለ ሲንግል ኮይል ይበቃኛል። ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም ቮሊዩም (የድምፅ መጠን ማስተካከያ)፣ ለሃምበከር 500 ይለመዳል። ሲንግል ኮይሉ ለጆሯችሁ ከበዛበት መጀመሪያ ፒክአፑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ማግኔቱ ክሩን በጣም ከቀረበው ክሩን ይስበዋል፣ ቅኝቱም ይዋዥቃል። ብሎን በመፍቻ ማዞር ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ክርም እንደዚሁ ነው። አዲስ ክር ለእኔ ያንጸባርቃል፤ ጥቂት ቀን ተጫውቼበት ሲበርድ ነው የምወደው። ይህን ሳያውቅ በአዲስ ክር ጊታሩን የፈረደበት ሰው ብዙ ነው።

ወደ ዓይን ስንመጣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ነፃ ነው። እኔ እንጨት እንጨት የሚመስል ጊታር እወዳለሁ። ደብዘዝ ያለ፣ በዘይት የተቀባ፣ መስመሩ የሚታይ። የሚያብለጨልጭ ዛጎል (ሰደፍ) የተሰካበት ፍሬትቦርድ ዓይኔን ያደክመዋል። ወዳጄ ደግሞ ፊቱን የሚያይበት መስታወት ካላስመሰለው አያርፍም፣ ሲጨርስም በእርግጥ ያምራል። ብቻ አንድ ነገር አስተውሉ። ፍሬትቦርዱ ፊት ላይ የፍሬቶቹን ቦታ የሚያሳየውን ነጥብ የሚያየው ተመልካቹ ነው። ተጫዋቹ የሚያየው የፍሬትቦርዱ ጎን ላይ ያለውን ነጥብ ነው። ፊቱን ባዶ ብትተዉትም ጎኑን አትተዉ፣ በደንብ የሚለይ ቀለምም ይኑረው።

የራስጌውን፣ ማለትም መቃኛዎቹ የሚቀመጡበትን የአንገት ጫፍ፣ ቅርጽ በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ሳሉና ቆርጣችሁ ሁልጊዜ የምታዩት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የመጀመሪያ ቀን ያማረው ሳምንት ሲሞላው ሊሰለች ይችላል። ከውበቱ ጋር አንድ ተግባር አለው፤ ክሩ ከነቱ ወጥቶ እስከ መቃኛው ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነቱ ላይ አይነከስም፣ ቅኝቱም ይጸናል። እኔ የምስለው ሁልጊዜ ከቀጥተኛ ክሮች ተነሥቼ ነው፣ ቅርጹ ከዚያ ይመጣል።

አቀባቡ መልክም ነው፣ ስሜትም ነው፣ ድምፅም ነው። የሚያብረቀርቅ ወፍራም ቫርኒሽ አንገት ላይ እጅ ሲያልበው ይይዛል። እኔ አንገቱን ቀጭን ቀጭን አድርጌ የተንግ ዘይት እቀባለሁ፣ በየመሀሉ እንዲደርቅ እጠብቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ በጣም በለዘበ የብርጭቆ ወረቀት እዳብሰዋለሁ። እጅ ይንሸራተታል። የአኩስቲክ ፊት ላይ ግን ዘይት አልወድም። እዚያ በስሱ የሚቀባ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) ነው የምጠቀመው፤ ፊቱ ላይ ወፍራም ሽፋን ሲጫን ድምፁን ያፍነዋል። ሼላክ ለላብና ለአልኮል ይሸነፋል፣ ቢሆንም መጠገኑ ቀላል ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የተልባ ዘይት ወይም የተንግ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከተከመረ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። የእንጨት ዱቄትም እንዲሁ ቀልድ አይደለም። ሮዝዉድና ሌሎችም ጠንካራ እንጨቶች ቆዳና ሳንባ ያስቆጣሉ። ጥሩ ጭምብል ሳታደርጉ ብርጭቆ ወረቀት አታንሡ።

ምርጫዎች ሲጋጩ ምን እንደማደርግ በአንድ ምሳሌ ልናገር። አንዲት እህት ለራሷ የምትሠራው ጊታር ላይ ሰፊ ነት ፈለገች፣ በጣቷ ስለምትጫወት ክሮቹ እንዲራራቁላት። ግን ባሬ ኮርድ ላይ ሰፊው አንገት ይከብዳታል። «ጋሼ፣ የትኛውን ልተው?» አለችኝ። ምንም አትተዪ አልኳት። ቀኝ እጇ ራቅ ያለ ክር የሚያስፈልገው ብሪጁ አካባቢ ነው። ነቱን 44 አድርገን ብሪጁ ላይ ያለውን ርቀት ሰፋ አደረግነው። ርዝመቱንም ወደ 628 አወረድነው፣ ክሩ ላላ ብሎ ባሬው ቀለላት። እንዲህ ያለ መላ የሚገኘው ግን የሚያስቸግረው የቱ እጅና የቱ ቦታ እንደሆነ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ለዚህም ደብተር ያዙ። የሠራችሁትም የነካችሁትም ጊታር ሁሉ ይጻፍበት። የአንገቱ ውፍረት፣ የነቱ ስፋት፣ ርዝመቱ፣ የክሩ ከፍታና ዓይነት፣ የፊቱ ውፍረት፣ ክብደቱ። ከጎኑ ደግሞ የተሰማችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ «እጄን ያደክማል»፣ «ባሱ ይጎረናል»፣ «ከላይ ይሰላል»። ትንሽ ሲጠራቀም ቃሎቹና ቁጥሮቹ መገናኘት ይጀምራሉ። እኔ 23 ሚሊሜትር ላይ የደረስኩት ከዚያ ደብተር ነው። ሁለተኛውን ጊታር ስትሠሩ ደግሞ ሁሉንም አትለውጡ። አንገቱን ከለወጣችሁ ፊቱን እንደ በፊቱ ተዉት። ፊቱን ከለወጣችሁ አንገቱን አትንኩ። ያለዚያ ደስ ያላችሁ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሥራ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ፊቱ ሴዳር፣ አንገቱ እንደ ልማዴ ሞላ ያለ፣ ሁሉም ካለፈው ጋር አንድ ነው። የለወጥኩት ርዝመቱን ብቻ ነው፤ ወደ 610 አውርጄዋለሁ። ክር ሲገባበት ያው ለራሴ ጣት ከ628 ይሻላል ወይስ ይልመጠመጣል የሚለውን ደብተሩ ላይ እጽፈዋለሁ።